የመነጽር ቁጥርና የዓይን ርዝመት

ሩቅ አጥርቶ ማየት ያቃተው ልጅ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ ቤተሰቡ ይዞ የሚመለሰው ቁጥር የታወቀ ነው፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ በዳዮፕተር የሚለካ የመነጽር ቁጥር። በሚቀጥለው ዓመት ምርመራ ቁጥሩ “ጨመረ” ወይም “ባለበት ነው” ይባላል፤ መነጽሩ ይቀየራል ወይም አይቀየርም፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። ይህ ቁጥር ሐሰት አይደለም፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፦ ልጁ ዛሬ ሰሌዳውን አጥርቶ እንዲያይ ምን ዓይነት መስታወት ያስፈልገዋል? ወላጅ በልቡ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ዓይኑ እየባሰበት ነው ወይ? እስከ የት ይሄዳል? ለዚህኛው የሚሻለው መልስ በሚሊ ሜትር የሚለካ ሌላ ቁጥር ነው፤ የዓይን ርዝመት፣ ማለትም ከኮርኒያ እስከ ሬቲና ያለው ርቀት። ገና በማደግ ላይ ያለን ልጅ ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቅ አጥርቶ ያለማየት ችግር፣ ለመከታተል ዋናው መለኪያ መሆን ያለበት ይህ ርዝመት ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ከነተቃውሞው ላስረዳ።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ዓይን ከፊት እስከ ኋላ ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በፍጥነት አድጎ 21 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እድገቱ ይቀዘቅዝና በአዋቂነት ዕድሜ 23.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ይረጋል። የሚደንቀው መርዘሙ ሳይሆን ልኩን ማወቁ ነው። ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ከበስተኋላው ካለው ሌንስ ጋር ሆኖ ብርሃንን አጥፎ የሚሰበስብበት ነጥብ አለ፤ በዓይን ጀርባ ብርሃኑን የሚቀበለው ሬቲናም እዚያው ነጥብ ላይ መገኘት አለበት። ዓይን ሲረዝም ሬቲናው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሌንሱ ደግሞ እየሳሳ፣ ብርሃን የማጠፍ ኃይሉን እየቀነሰ ይከተለዋል። ማዮፒያ የሚመጣው በአብዛኛው ዓይኑ ሌንሱ ሊከተለው ከሚችለው በላይ ሲረዝም ነው። ያን ጊዜ ምስሉ ሬቲናው ላይ ሳይደርስ ከፊቱ ይወድቃል፤ ቅርቡ ይታያል፣ ሩቁ ይደበዝዛል። ለዚህ ደግሞ ብዙ መርዘም አያስፈልግም፤ አንድ ሚሊ ሜትር ትርፍ ርዝመት በግምት ሁለት ተኩል ዳዮፕተር ማዮፒያ ያስከትላል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ቆይቷል። የቆየው ችግር መለካቱ ነበር፤ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ማስመሪያ አይገባማ! እ.ኤ.አ. በ1938 ራሽተን የተባለ ተመራማሪ ያሳተመው ዘዴ ዛሬ ሲነበብ ያስደነግጣል። ሰውየው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ስስ የራጅ ጨረር ከጎን በኩል ወደ ዓይኑ ይላካል። ሬቲና ለራጅ ጨረርም ምላሽ ስለሚሰጥ ሰውየው የብርሃን ቀለበት ይታየዋል። ጨረሩ ወደ ዓይኑ ጀርባ በተገፋ ቁጥር ቀለበቱ እየጠበበ ይሄድና ነጥብ ሆኖ ይጠፋል፤ የጠፋበት ቦታ የዓይኑ መጨረሻ ነው። ስዊድናዊው ስቴንስትሮም በ1946 ባሳተመው ጥናት በዚህ መንገድ የአንድ ሺህ ሰዎችን ዓይን ለክቷል። ልጆችን በየስድስት ወሩ ለራጅ የሚያጋልጥ ዘዴ ግን ለክትትል እንደማይሆን ግልጽ ነው። በ1956 አሜሪካውያኑ መንትና ሂዩዝ የድምፅ ሞገድን፣ ማለትም አልትራሳውንድን፣ ለዚሁ ሥራ አዋሉት፤ ይህም ለአሥርት ዓመታት ያገለገለና ዛሬም በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። ጉድለቱ መመርመሪያው ኮርኒያውን የሚነካ መሆኑ ነው። ማደንዘዣ ጠብታ ያስፈልጋል፤ የባለሙያው እጅ ትንሽ ጫን ካለ ኮርኒያው ይረገጥና ዓይኑ ከእውነተኛው አጥሮ ይለካል፤ የስህተቱ መጠንም ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ነገሩን የለወጠው በቪየና አዶልፍ ፌርሸርና ባልደረቦቹ ያዳበሩት የብርሃን መለኪያ ነው። ካርል ዛይስ ኩባንያ በ1999 አይኦኤል ማስተር በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው ይህ መሣሪያ ዓይኑን አይነካም። ልጁ አገጩን አስደግፎ አንዲት መብራት ያያል፤ ከኮርኒያና ከሬቲና ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን ይነጻጸራል፤ በሰከንዶች ውስጥ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍል ጥቂት በማይበልጥ ስህተት ይታወቃል። ጠብታም፣ የልጁ መልስም አያስፈልገውም።

የመጨረሻዋ ነጥብ ቀላል አይደለችም። የመነጽር ቁጥር የሚወጣው ከፊሉ በልጁ መልስ ነው፤ “ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?” ለሚለው ጥያቄ የሰባት ዓመት ልጅ የሚመልሰውን መገመት አያስቸግርም። ከዚህም በላይ የልጅ ዓይን ቅርብ ለማየት ሌንሱን የማጉበጥ ብርቱ ጉልበት አለው። በምርመራው ሰዓት ሳያስበው ይህን ጉልበት ከተጠቀመ የሌለ ማዮፒያ ያለ ይመስላል፤ ያለውም ከልኩ በላይ ይወጣል። ስለዚህ ነው ጡንቻውን ለጊዜው የሚያዝል ጠብታ ሳይደረግ የተለካ የልጅ መነጽር ቁጥር ሙሉ በሙሉ የማይታመነው። ጠብታው ቢደረግም መነጽር የሚታዘዘው በሩብ ዳዮፕተር እርምጃ ነው፤ ሩብ ዳዮፕተር ደግሞ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ማለት ማዮፒያ የሌለበት የትምህርት ቤት ልጅ ዓይን በአንድ ዓመት የሚያድገው እድገት በጠቅላላ በመነጽር መለኪያ አንድ እርምጃ ውስጥ ሊሰወር ይችላል። ማታ አጥልቀው የሚያድሩት፣ ኮርኒያን ለጥ አድርጎ ቀን ያለ መነጽር የሚያሳይ ኮንታክት ሌንስ ለሚጠቀሙ ልጆች ደግሞ የመነጽር ቁጥር ጭራሽ ትርጉም ያጣል፤ የፊተኛው ክፍል ቅርጹን ስለቀየረ ቁጥሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባው ግን መርዘሙን ላያቆም ይችላል። በአሜሪካ የተካሄደ የረጅም ጊዜ የልጆች ክትትልም ሌላ ነገር አሳይቷል። ማዮፒያ የሚይዛቸው ልጆች ዓይን ከሌሎቹ ተለይቶ መርዘም የሚጀምረው ሩቅ ማየት ከሚያቅታቸው ጊዜ ዓመታት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ የሚሆነው ደግሞ ማዮፒያው ሊታወቅ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ልጁ ሰሌዳው ሳይጠፋበት፣ የመነጽር ቁጥር የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ ርዝመቱ እየተናገረ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች ተለያይተው እውነቱን ርዝመቱ የያዘበት ታሪክ በሲንጋፖር ተፈጽሟል፤ በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። አትሮፒን የተባለው የዓይን ጠብታ የማዮፒያን ግስጋሴ እንደሚያዘገይ ቀድሞ የታወቀ ሲሆን፣ አንድ በመቶ መጠን ያለው ጠብታ ግን ብርሃን ያስፈራል፣ ቅርብ ማንበብንም ያውካል። የሲንጋፖር ተመራማሪዎች መጠኑን እጅግ ቀንሰው 0.01 በመቶ አድርገው ሞከሩትና በ2012 ውጤቱን አሳተሙ። በሁለት ዓመት ውስጥ የልጆቹ መነጽር ቁጥር በአማካይ የጨመረው 0.49 ዳዮፕተር ብቻ ነበር። ከዚያ ቀደም በነበረው የራሳቸው ጥናት መድኃኒት የሌለው ጠብታ ብቻ ያገኙት ልጆች በተመሳሳይ ጊዜ 1.20 ዳዮፕተር ጨምረው ነበርና ድሉ ታላቅ መሰለ። ጠብታው ዓይን አያውክም፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ዝናው በዓለም ናኘ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን ብዙ አንባቢ ያለፈው ሌላ ቁጥር ነበር። 0.01 በመቶ ያገኙት ልጆች ዓይን በሁለት ዓመት 0.41 ሚሊ ሜትር ረዝሟል፤ የቀድሞዎቹ፣ ምንም መድኃኒት ያላገኙት ልጆች ዓይን ደግሞ 0.38። በርዝመት ረገድ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የትኩሳት መድኃኒት ሙቀቱን አብርዶ በሽታውን እንዳለ ሊተወው እንደሚችል ሁሉ፣ ይህም ጠብታ ቁጥሩን አብርዶ ዓይኑን እንዳለ የተወው ይመስላል።

እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። ሁለቱ ቡድኖች የአንድ ጥናት አልነበሩም፤ በዚያም ላይ የመጀመሪያዎቹ በአልትራሳውንድ፣ የኋለኞቹ በብርሃን መሣሪያ የተለኩ ናቸው። ስለዚህ የርዝመቱን ቁጥር እንደ ፍርድ መውሰድ አይቻልም ነበር፤ እንደ ማስጠንቀቂያ ግን መወሰድ ነበረበት። ጥርጣሬውን ያጠሩት በኋላ የመጡ፣ መድኃኒት ያገኙና ያላገኙ ልጆችን ጎን ለጎን የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው። በ2019 የታተመው የሆንግ ኮንግ ጥናት ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸውን 438 ልጆች በአራት ቡድን ከፍሎ ተከታተለ። በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒት የሌለው ጠብታ የደረሳቸው ልጆች ዓይን 0.41 ሚሊ ሜትር፣ 0.01 በመቶ የደረሳቸው 0.36፣ 0.025 በመቶ የደረሳቸው 0.29፣ 0.05 በመቶ የደረሳቸው ደግሞ 0.20 ረዘመ። መጠኑ በጨመረ ቁጥር መርዘሙ ቀነሰ፤ ዝነኛው 0.01 ግን ከምንም ብዙም አልተሻለም። በ2023 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ደግሞ 0.01 በመቶው ከባዶ ጠብታ ልዩነት እንደሌለው ዘገበ፤ በሁለት ዓመት ርዝመቱ በአንደኛው ወገን 0.44፣ በሌላው 0.45 ሚሊ ሜትር ነበር። ከ2012 ጀምሮ ዓይኑ የመነጽር ቁጥሩ ላይ ብቻ የተተከለ ሐኪም ለዓመታት ደካማውን መጠን በሙሉ እምነት ሊያዝ ይችል ነበር። ርዝመቱን የለካው ቀድሞ ይጠራጠራል።

“ቁጥሩ ከበረደና ልጁ በመነጽር ካየ ርዝመቱ ምን ገዶን?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለዛሬው እይታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም አልከራከርም ነበር። ችግሩ መነጽር ብርሃኑን እንጂ ዓይኑን የማያስተካክል መሆኑ ነው። ዓይን ሲረዝም ሬቲናውና ከሥሩ ያሉት በደም ሥር የተሞሉ ሽፋኖች እየተለጠጡ ይሳሳሉ። በልጅነት ይህ ምንም አይሰማም፤ መዘዙ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከአርባና ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው፦ የሬቲና መላቀቅ፣ ግላኮማ፣ ከሁሉም የከፋው ደግሞ በመነጽር የማይመለስ የማዕከላዊ ሬቲና ጉዳት። ከ15 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተና በ2016 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ይህን በርዝመት ሰፍሮ አሳይቷል። የዓይናቸው ርዝመት ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰዎች መካከል እስከ 75 ዓመታቸው የማየት ጉዳት ይደርስባቸዋል ተብሎ የተገመተው 3.8 በመቶ ሲሆን፣ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑት ግን ከ90 በመቶ በላይ ነው። 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ማዮፒያ ያለበት ልጅ በአረጋዊነቱም በሰላም ያያል። አደጋው ግን በሚሊ ሜትር የሚወጣ ደረጃ መሆኑ አያከራክርም፤ ደረጃው የሚወጣውም በልጅነት ነው። አንዴ የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርምና ሊሠራ የሚችለው ነገር ሁሉ መሠራት ያለበት በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው።

ከተቃውሞዎች ሁሉ ጠንካራ ሆኖ የማገኘው ግን “ረጅም ዓይን ሁሉ የታመመ አይደለም” የሚለውን ነው። እውነት ነው። እንግሊዛዊው አርኖልድ ሶርስቢ በ1950ዎቹ እንዳሳየው፣ ያለ መነጽር ፍጹም የሚያዩ አዋቂዎች የዓይን ርዝመት ከ22 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ይዘረጋል፤ ኮርኒያው ለጥ ያለ ሰው ዓይኑ ቢረዝምም አጥርቶ ያያል። ቁመተ ረጅም ሰዎች ረጅም ዓይን አላቸው፤ የወንዶች ዓይንም በአማካይ ከሴቶች ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ አንዲት የተነጠለች ልኬት፣ ዕድሜና ጾታ ሳይጠቀስ፣ ለማንም ምንም አትነግርም። 24 ሚሊ ሜትር ለጎልማሳ ወንድ ተራ ነገር ነው፤ ለሰባት ዓመት ልጃገረድ ግን የሚያሳስብ ነው። በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክብደት በእድገት ካርድ ላይ ነጥብ በነጥብ እንደሚመዘገብ ሁሉ፣ ተመራማሪዎች ለዓይን ርዝመትም እንዲህ ያሉ የዕድሜ ሠንጠረዦችን አዘጋጅተዋል፤ በኔዘርላንድስ ልጆች ዘንድ አማካዩ በስድስት ዓመት 22.4፣ በዘጠኝ ዓመት ደግሞ 23.1 አካባቢ ነው። ሠንጠረዦቹ በብዛት የተሠሩት ከአውሮፓና ከምሥራቅ እስያ ልጆች ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንዳሉ መውሰድ ስህተት ነው። የልጁ ከራሱ ጋር ንጽጽር ግን የየትኛውም አገር ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፤ በዓመት 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር የሚያድግ ዓይንና 0.4 የሚረዝም ዓይን በሁሉም አገር የተለያዩ ናቸው።

ፍጥነቱን ለማንበብ ደግሞ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የዓይን ርዝመት በቀን ውስጥ እንኳ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሬቲናው ሥር ያለው በደም ሥር የተሞላ ሽፋን ሲወፍርም መሣሪያው ዓይኑ ያጠረ ያስመስለዋል። በቻይና የተስፋፋው የቀይ ብርሃን ሕክምና “ዓይን ያሳጥራል” የተባለው በከፊል ከዚሁ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ ሬቲና ደኅንነቱም ከባድ ጥያቄ ተነሥቶበታል። በየወሩ ለክቶ በእያንዳንዷ 0.03 መደሰትና መደንገጥ ስለዚህ ትርፉ ድካም ነው። በስድስት ወር ልዩነት፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ቢቻል በተቀራራቢ ሰዓት መለካት ይበቃል። አንዱ ክሊኒክ በአልትራሳውንድ፣ ሌላው በብርሃን የለካውን አያይዞ “ረዘመ” ማለት ደግሞ የሲንጋፖሩን ግራ መጋባት መድገም ነው።

በአገራችን ይህ ሁሉ ቅንጦት አይደለም ወይ? እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር፤ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከአሥር አንዱ የሚበልጠው በትራኮማ ጠባሳ። መነጽር እንኳ ያላገኘ ልጅ ባለበት ስለ መቶኛ ሚሊ ሜትር ማውራት ቅደም ተከተል ማፋለስ ነው የሚል ሰው አልቃወመውም፤ መጀመሪያ መነጽር። ነገር ግን ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው፣ ርዝመት መለኪያው ለእኛ ባዳ አይደለም። የዓይን ሞራ ተወግዶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተከል የሌንሱ ኃይል የሚሰላው ከዓይኑ ርዝመት ነው፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው በሚሰጥባቸው ማዕከላት መለኪያው ቢያንስ በአልትራሳውንድ መልክ ለአዋቂዎች ይሠራል። ሁለተኛው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ዘንድ የተለመደው፣ ዓይንን እያሳከከ ለዓመታት የሚቆይ የአለርጂ ሕመም ልጆቹ ዓይናቸውን አጥብቀው እንዲያሹ ያደርጋል፤ ይህም ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት ከሚሾልበት ኬራቶኮነስ ከተባለ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። የዚህም ምልክት ሩቅ አለማየት፣ በየጊዜው የሚጨምር የመነጽር ቁጥር ነው። ከመነጽር ቁጥር አንጻር ማዮፒያ ያለበትና ኬራቶኮነስ ያለበት ልጅ አንድ ናቸው፤ ርዝመቱ ሲለካ ግን የአንዱ ዓይን ረዝሟል፣ የሌላው ጤናማ ርዝመት ላይ ነው፤ የሁለተኛው ሕክምና ፍጹም ሌላ ነው።

በውጭ ለሚኖሩት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው። በእስራኤል ከ600 ሺህ በላይ ወጣቶች የምርመራ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው፣ ከኢትዮጵያ በልጅነት የመጡት በትልቅነት ከመጡት ይልቅ፣ እዚያው የተወለዱት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ማዮፒያ ይበዛባቸዋል። ዘሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው አስተዳደጉ፣ ትምህርቱ፣ ቤት ውስጥ የሚውልበት ሰዓት ነው። አዲስ አበባ በፎቅ ቤትና በስልክ የምታሳድጋቸው ልጆችም ከዚህ መንገድ የራቁ አይደሉም።

“ወላጅን ማስጨነቅና ለነጋዴ በር መክፈት ነው” የሚለው ስጋትም መሠረት አለው። አዲስ ቁጥር ባለበት ሁሉ አዲስ ሸቀጥ ይከተላል። ግን ርዝመቱ ራሱ የሸቀጡ መፈተኛ ነው። ማዮፒያን ያዘገያሉ የሚባሉ ልዩ መነጽሮችና ኮንታክት ሌንሶች ያሉ ሲሆን፣ በሆንግ ኮንግ የተፈተነ አንድ የመነጽር ዓይነት በሁለት ዓመት መርዘሙን ከ0.55 ወደ 0.21 ሚሊ ሜትር ቀንሷል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የማያቀርብ ሻጭ በቁጥሩ እጦት ይታወቃል። በጓንግዡ፣ ቻይና፣ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ደጅ ከዋሉ ልጆች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልዋሉት ግን 39.5 በመቶ ናቸው። ሆኖም በርዝመት ረገድ የሁለቱ ልዩነት እምብዛም አልነበረም፤ 0.95 እና 0.98 ሚሊ ሜትር። ይህ ደጅ መዋልን ከንቱ አያደርገውም፤ ነፃ ነው፣ ሌላም ጥቅም አለው። የጀመረ ማዮፒያን ግን እሱ ብቻውን ያቆመዋል ብሎ መተው እንደማይቻል ርዝመቱ ይነግረናል።

መሣሪያው በሚገኝበት ከተማ ያለ ወላጅ ልጁ የመጀመሪያውን መነጽር ሲያደርግ ርዝመቱም እንዲለካ፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና የመሣሪያው ዓይነት በካርዱ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚመጣው ግን የሚነጻጸርበት ያገኛል። መሣሪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ ጠብታ ተደርጎ የሚወሰድ ጥንቁቅ የመነጽር ልኬት፣ የኮርኒያ ቅርጽ ምርመራና ከሁለቱም ወላጆች የሚጠየቅ የማዮፒያ ታሪክ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ። በተለይ ማዮፒያው ከስምንት ዓመት በፊት የጀመረ፣ እናትና አባቱም መነጽር የሚያደርጉ ልጅ ከሆነ፣ ርዝመቱን ለማስለካት ወደ ትልቅ ከተማ የሚደረገው አንድ ጉዞ አይባክንም።